ከሂሩት እስከ ሂሩት፦ ማኅበራዊ ጥያቄ በኢትዮጵያ ፊልም

ከቆቦ ተነስቶ ወደ አላማጣ የሚሄድ መንገደኛ ዋጃን ሳያይ አያልፍም። ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፤ ዝናብ በደግ በሚጥልበት ዓመት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል። እሸቱ ሲደርስ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮኹ ወፍ ይጠብቃሉ። በዚያው ጎዳና የሚያልፈው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ከሾፌሩ በላይ በተሰቀለች ትንሽ ስክሪን የአማርኛ ፊልም ይታያል፦ አዲስ አበባ፣ ቪላ ቤት፣ የተኳረፉ ፍቅረኞች፣ አዲስ መኪና። ተሳፋሪው አንዴ ስክሪኑን አንዴ መስኮቱን ያያል። በመስኮቱ የሚታየው ወፍ ጠባቂ በስክሪኑ ላይ የለም።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ ፊልም ሀ ብሎ ሲጀምር የመረጠው ሳቅ ወይም ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ አባቷ የማይታወቅ ልጅ፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች፣ በባለመሬት ቀንበር ሥር ያለ ገበሬ ነበሩ የመጀመሪያዎቹ ጉዳዮቹ። እንዲያውም እንደ ዋጃ ያለ ቆላ፣ በዚያም እንደሚኖረው ራያ ያለ ሕዝብ በዚያ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። ጥያቄው ሌላ ነው። ስለ ማን ተሠራ ሲባል መልሱ ቀላል ነው፤ ማን አየው፣ ማንስ ፈቀደ ሲባል ግን ነገሩ ይከብዳል።

የሰይጣን ቤት

ተንቀሳቃሽ ምስል ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ላይ ካሳዩት ትርኢት ብዙም ሳይርቅ ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። በግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ፣ ፈረስ ሲጋልብ ማየት ለከተማው ሕዝብ የጤና ነገር አልመሰለውም። ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» አለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ አለ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲኒማ ቤቶች በዙ፤ ከድል በኋላም ፒያሳ ላይ እንደ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ያሉት አዳራሾች የከተሜው መዝናኛ ሆኑ። የሚታየው ግን የሰው አገር ሥራ ነበር። የአሜሪካ ካውቦይ፣ የጣሊያን ተዋጊ፣ የህንድ ዘፈንና እንባ። ከሁሉም የህንዱ ፊልም ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ቅርብ ነበር፤ ቋንቋው ባይገባም እናት፣ ልጅ፣ ዕዳና አራጣ አበዳሪ አስተርጓሚ አይሹም።

1957

በኢትዮጵያ ፊልም ታሪክ አንድ ዓመት ብቻ ምረጡ ቢባል ብዙዎች 1957 ዓ.ም.ን ይመርጣሉ። በዚያ ዓመት ጥቅምት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። የካቲት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተመሙ። በዚያው ዓመት «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው ፊልም ለእይታ በቃ። ስሙ ከኢላላ ኢብሳ ጋር ተያይዞ የሚነሳው፣ አበበች እጅጉ የተወነችበት ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ርዝመት ተራኪ ፊልም ተብሎ ይቆጠራል።

ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ያውም አበሻ አገር በጣም የሚቆረቁር ጥያቄ። ሰው በአባቱ ስም በሚጠራበት ባህል «አባቷ ማነው?» ማለት «ማን ናት?» ከማለት አይለይም። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ለርስት አባትና አያት ይጠራል። አባት ያልተገኘላት ሴት ልጅ ከነዚህ ሁሉ ውጪ ትቀራለች። ፊልሙ ይህን ጉዳይ ወደ አደባባይ ማውጣቱ ብቻ ለጊዜው ድፍረት ነበር።

እዚህ ላይ የህንድን አንድ ጥግ ማየት ይጠቅማል። በቴሉጉ ቋንቋ የተሠራው የመጀመሪያው ድምፃዊ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው «ባክታ ፕራህላዳ» ነው፤ የአማልክት ታሪክ። ማኅበራዊ ጉዳይ በጉልህ የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ጉዳቫሊ ራማብራማም በ1938 «ማላ ፒላ»ን ሲሠራ የብራህሚን ወጣትና «አይነኬ» የተባለች ልጅ ሲዋደዱ አሳየ። በዓመቱ ደግሞ «ራይቱ ቢዳ»ን፣ ማለትም «የገበሬ ልጅ»ን አወጣ፤ ባለርስቶችን ስለነካ በባለርስቶቹ ጩኸት በመንግሥት ታገደ። የሚያስገርመው የፊልም ኩባንያው ገንዘብ የመጣው ከአንድ ባለርስት መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን ስለ ጥሎሽና ስለ ባል የሞተባት ሴት ዳግም ጋብቻ የሚናገሩ የቴሉጉ ፊልሞችም ተከተሉ።

ልዩነቱ ይታያል። የቴሉጉ ፊልም ከአማልክት ተነስቶ ወደ ሰው ወረደ፤ ተመልካቹን በሚያውቀው ተረት አለማምዶ ካስገባው በኋላ ነው የመንደሩን ቁስል ያሳየው። የኢትዮጵያ ፊልም ያንን ደረጃ ዘለለው። ከቅዱሳን ገድልም ከነገሥታት ታሪክም ሳይጀምር በቀጥታ «አባቷ ማነው?» ብሎ ገባ። ሌላው ልዩነት ግን የኢትዮጵያን ይጎዳል፤ ከቴሉጉ የመጀመሪያ ፊልም በኋላ በስድስትና በሰባት ዓመት ውስጥ ደርዘኖች ሲሠሩ፣ ከሂሩት በኋላ ጎልቶ የሚጠራው ሥራ እስኪመጣ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ደም ማድረቅ

ያ ሥራ በ1966 ዓ.ም. የታየው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ነው። ፓፓታኪስ ኢትዮጵያ የተወለደ የግሪክ ዝርያ ያለው ሰው ነበር፤ ፊልሙን በቀለም ሠራው። ጉማ በኦሮሞ ባህል የደም ካሳና የዕርቅ ሥርዓት ነው፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው በሰንሰለት ታስሮ፣ ካሳውን ከየሰው ደጅ እየለመነ ይሰበስባል።

ዋጃና ቆቦ ላይ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንም። ራያ የአማራ፣ የትግራይ፣ የኦሮሞና የአፋር ሕዝብ ወግ የተቀላቀለበት ምድር ነው፤ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎችም አሉት። በቆቦ በኩል ዘወልድ፣ በራያና ዋጅራት በኩል አቦ ገረብ እየተባሉ የሚጠሩት የዕርቅ ተቋማት ከፍርድ ቤት በፊት የሚደርሱ፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት ያልቻለውን የሚጨርሱ ናቸው። ስለዚህ «ጉማ» ለራያ ተመልካች ቢቀርብ እንደ ሩቅ አገር ወግ አይታይም ነበር፤ ሰው በግፍና በዕርቅ መካከል ሲቆም የሚከፍለውን ዋጋ የሚያሳይ ሥራ ነው። ዛሬ ከአገሪቱ ታዋቂ የፊልም ሽልማቶች አንዱ፣ በ2006 ዓ.ም. በዮናስ ብርሃነ መዋ የተጀመረው ጉማ ሽልማት፣ ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው።

ሦስት ሺህ ዓመት

ከሁሉ የገዘፈው ግን በባሕር ማዶ ከሚኖር ኢትዮጵያዊ መጣ። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር የተወለደ ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲና ተውኔት እየሠሩ በየአገሩ የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ኃይሌ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምሮ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ወቅት አካባቢ ወደ አገሩ መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ተዋንያኑ ሙያተኞች አልነበሩም፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

የታሪኩ ሰዎች አንድ የገበሬ ቤተሰብና አንድ ባለመሬት ናቸው። ባለመሬቱ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ያዛል፤ ገበሬው ያርሳል፣ ሚስት ትፈጫለች፣ ልጅቱ ከብት ትጠብቃለች። ልጅቱ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ ታያለች፤ ኋላም ጎርፍ ውስጥ የገባች ላም ላድን ብላ ውሃ ይወስዳታል። አገሬው እንደ እብድ የሚያየው ከበበ ነው በመጨረሻ በዱላው የባለመሬቱን ነገር የሚቋጨው። የፊልሙ ጉልበት ያለው ቀስ ማለቱ ላይ ነው። ካሜራው ገበሬው ሲያርስ አይቸኩልም፤ ሞፈሩ ጫፍ እስኪደርስና እስኪመለስ ይጠብቃል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ የሚያውቀው ሰዓት መሆኑ ይገባዋል።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ ሎካርኖ ተሸለመ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ታድሶ በካን ፌስቲቫል ታየ። ኃይሌ በ2008 እ.ኤ.አ. «ጤዛ»ን ይዞ ሲመለስም ገጠሩን አልተወም። ከጀርመን የተመለሰው ዶክተር አንበርብር ጣና ዳር ባለ መንደሩ ያገኘው በግዳጅ ለውትድርና ላለመታፈስ ዋሻ የተደበቁ ወጣቶችን ነው። ፊልሙ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ጽሑፍ ሽልማት፣ በዓመቱም በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወሰደ።

ወሎ በካሜራ ፊት

የራያ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ ዓለም እሱን አየው። ይህን ሳያነሱ የኢትዮጵያን ፊልምና ማኅበራዊ ጉዳይ መዳሰስ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን አቀረበ። መንግሥት የደበቀው ረሃብ ታወቀ። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ይኸንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በፊልም ቅንብር ዘውድ ለመጣል ሕዝብ ሲዘጋጅ በአገሪቱ ያ የመጀመሪያው ነበር። በምስሉ ላይ የነበሩት የወሎ ገበሬዎች ግን ያን ምሽት ቴሌቪዥን ፊት አልነበሩም፤ የከተማ መብራትም የቴሌቪዥን ሣጥንም ከነሱ ሩቅ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ ነገሩ ተደገመ። ከዋጃ አላማጣን አልፎ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ከወጡ በኋላ ኮረም ይገኛል። የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን የኮረምን የተፈናቃዮች መጠለያ ቀርጸው ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ፤ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ካከበረ ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነበር ያለፈው። ምስሉን ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ከርሱ ባንድ ኤይድ፣ ቀጥሎም ላይቭ ኤይድ ተወለዱ። እርዳታው ሕይወት አትርፏል፤ ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን በዓለም ዓይን የወሎ ሰው ስም የሌለው፣ የተኮማተረ ፊት ሆኖ ቀረ። የማሽላ ገበሬነቱ፣ የሽምግልና ዕውቀቱ፣ ጨዋታውና ዘፈኑ ከካሜራው ክልል ውጪ ነበሩ። ማኅበራዊ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ፊልም ሰውን በችግሩ ብቻ ሲያስተዋውቅ የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው።

ለዚህም ነው ከውስጥ የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች የሚለዩት። ሳሌም መኩሪያ ስለ ቀይ ሽብር የሠራችው «የወንዝ ማዕበል» የአንድን ትውልድ እልቂት የሚተርከው በራሷ ቤተሰብና በቅርብ ወዳጇ በኩል ነው፤ የሞቱት ቁጥር አይደሉም፣ ስምና ፎቶ አላቸው።

ከኮርፖሬሽን ወደ ቪዲዮ

ደርግ ሲኒማ ቤቶችን ወረሰ፤ ፊልም ለቅስቀሳ እንደሚጠቅም ስለገባው የፊልም ማእከል አቋቋመ፤ ኋላም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ሆነ። ዘጋቢ ፊልሞች በብዛት ተሠሩ፤ ተራኪው ግን ጥቂት ነው። ከነሱ ውስጥ የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» በሥርዓቱ ማብቂያ አካባቢ የመጣ ሲሆን፣ የሴት ስም እንደገና ርዕስ ሆነ። ኮርፖሬሽኑ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ፈረሰ።

ሴሉሎይድ ውድ ነበር፤ ቪዲዮ ካሜራ ሲመጣ በሩ ተከፈተ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ኤች አይ ቪን ይዞ ወደ ሲኒማ ቤት ገባ፤ ወረፋውም አዳዲስ አምራቾችን ጠራ። ከዚያ በኋላ «ቀይ ስህተት» ስለ ቀይ ሽብር፣ «ሦስት ማዕዘን» ስለ ስደት መጡ። የዚህ ዘመን ጥንካሬ ከመንግሥትም ከእርዳታ ድርጅትም ሳይጠብቅ በቲኬት ገንዘብ መቆሙ ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ቲኬት የሚገዛው አዲስ አበባ ስለሆነ ፊልሙም አዲስ አበባ ሆነ። ሳቅና ፍቅር አዋጪ መሆናቸው ሲታወቅ ማኅበራዊው ጥያቄ ወደ ዳር ተገፋ። ጥቂት ዓመታት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች፣ «ገመና»ና «ሰው ለሰው» በተለይ፣ ያን ቦታ ያዙት፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ጎረቤት ሰብስቦ አያቸው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ተክቶ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች «ገበያችንን ወሰደ» ብለው ጮኹ።

ሁለተኛዋ ሂሩት

በ2006 ዓ.ም. ሂሩት ተመለሰች። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ከሰንዳንስም ከበርሊንም የተመልካች ሽልማት አገኘ። የፊልሙ ሴት ልጅ የአሥራ አራት ዓመቷ ሂሩት ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገድላ ለፍርድ የቀረበች። ታሪኩ የተወሰደው በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ከሆነው የአበራሽ በቀለ ጉዳይ ነው፤ ጠበቃዋን የወከለችው ገጸ ባሕርይም በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች በመዓዛ አሸናፊ ላይ የተመሠረተች ናት። በጊዜው ሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባት እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ የያዘ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ዘጋው።

ፊልሙ ጠለፋን የክፉ ሰው ሥራ ብቻ አድርጎ አያሳይም። የመንደሩ ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተሰብስበው እንደ ወጋቸው ይመክራሉ፤ ቅን ናቸው፣ የሚፈርዱት ግን ልጅቱ በሌለችበት ነው። «ጉማ» ያከበረው ሽምግልና እዚህ ላይ ተጠያቂ ሆነ። ሁለቱን ፊልሞች አብሮ ማየት አንዱን ብቻ ከማየት ይበልጣል።

ግን «ድፍረት» ራሱም ተጠያቂ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ አበራሽ ታሪኬ ያለፈቃዴ ተወሰደ የሚል አቤቱታ ነበራት። ኋላ እገዳው ተነስቶ ፊልሙ ታየ። ለሴት ልጅ መብት የተሠራ ፊልም ያቺኑ ሴት መጠየቅ ነበረበት የሚለው ክርክር ግን ከኮረም ጀምሮ ያልተመለሰው ክርክር ነው።

በቀጣዩ ዓመት የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ድርቅ እናቱን የወሰደበት ኤፍሬም የሚወዳትን በግ ይዞ ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ በጓ ለበዓል ልትታረድ ነው። ልጁ ወጥ ቤት ይወዳል፤ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ወጥ መሥራቱን አይወድም። ድርቁ ከበስተኋላ አለ፤ ከፊት ያለው ልጁ፣ በጓና ወጡ ነው። ከ1977ቱ ምስል ቀጥሎ ላለ ትውልድ ይህ ትልቅ ፈቀቅታ ነው፤ የድርቅ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ፣ ፍላጎትና እልኸኝነት ኖሮት ታየ።

ማን ያያል?

ሚዛኑ እንዲህ ይወጣል። በሥዕሉና በጥያቄው ጥልቀት ከሁሉ የሚቀድመው አሁንም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በሕግና በወግ መካከል ያለውን ክርክር በማንሳት «ድፍረት» ይከተላል፤ ሰውን ከችግሩ ነጥሎ በማክበር ደግሞ «ላምብ»። የቪዲዮው ዘመን ብዙ ተመልካች ፈጠረ፤ የገጠሩን ሰው ግን ቀልድ ማስፈጸሚያ «ፋራ» አድርጎ ማቅረቡ እስከ አሁን የሚያስወቅሰው ነው።

የቀረው የስርጭት ጉዳይ ነው። ሽልማት ያገኙት ሥራዎች ሎካርኖን፣ ቬኒስን፣ ካንን፣ በርሊንን ያውቃሉ። እንደ ዋጃ ያለች ከተማ ግን ፊልም የምታውቀው በጄነሬተር በሚሠራ ቪዲዮ ቤት፣ በአውቶቡስ ስክሪን፣ አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ ነው፤ በነዚህ መንገዶች የሚመጣው ደግሞ የውጭ ድብድብና የአዲስ አበባ ፍቅር ነው። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲ ፕሮጀክተር አይሸከምም፤ ሰው ነው የሚሸከመው።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ የቆቦ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ የፊልሞቹ ባለቤቶችም ተስማምተው ነጭ ጨርቅ፣ ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ ይዘው በገበያ ቀን ማምሻ ዋጃ ላይ ቢያቆሙ ይበቃል። መጀመሪያ «ጉማ» ይታይ፤ ዘወልድ ሽማግሌዎችም ከፊት ይቀመጡና ከፊልሙ በኋላ ይናገሩ። በሳምንቱ «ድፍረት» ይታይ፤ ያኔ ቀድመው እንዲናገሩ የሚጋበዙት የትምህርት ቤት ሴት ልጆች ይሁኑ። ለአራሹ የተሠራው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ ማሽላው ተሰብስቦ አውድማው ሲጸዳ፣ ገበሬው ሁለት ሰዓት ተኩል መቀመጥ በሚችልበት በጥር ቢመጣ ይሻላል።